ሁለተኛው ምስክር

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በሃንቲንግተን ከተማ፣ የሌሊት ፈረቃ የገባ አንድ መካኒክ የአንዲት አነስተኛ የመንገደኛ አውሮፕላን ኬብል ውጥረት እያስተካከለ ነበር። አውሮፕላኗ ቢችክራፍት 1900ዲ ትባላለች። ኬብሉ በአብራሪው እጅ ያለውን መሪ ከጅራቱ ኤሌቬተር ጋር ያገናኛል፤ አፍንጫዋ ቀና የሚለውም ዝቅ የሚለውም በእሱ ነው። መካኒኩ ይህን ሥራ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ከዚያ በፊት ሠርቶት አያውቅም፤ እያሠራ የሚያሠለጥነው ኢንስፔክተር አጠገቡ ነበረ። ተስማምተው ከመመሪያው ዘጠኝ እርምጃዎችን ዘለሉ። ኬብሉ ጠበቀ። ኤሌቬተሩ ግን ወደ ታች መሄድ ከሚገባው ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚሄድ ሆኖ ቀረ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር ገፍቶ ይህን የለካ ሰው አልነበረም። ፊርማው ግን ተሟላ።

አውሮፕላኗ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ጊዜ በረረች፤ ምንም አልሆነችም። በአሥረኛው፣ ጃንዋሪ 8 ቀን፣ ከሰሜን ካሮላይናዋ ሻርለት 19 መንገደኞችንና ሻንጣቸውን ይዛ ስትነሳ ክብደቷ ወደ ጅራቷ አደላ። አፍንጫዋ ሽቅብ ተነሥቶ 54 ዲግሪ ደረሰ። አብራሪዎቹ መሪውን ቢገፉትም ኤሌቬተሩ ከግማሽ መንገድ አላለፈም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከአንድ ሃንጋር ጋር ተላትማ ወደቀች። 21 ሰው ሞተ።

በአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አየር መንገድ በአንድ ሰው ፊርማ የማይታለፉ ሥራዎችን ዝርዝር የመያዝ ግዴታ አለበት። በትክክል ካልተሠሩ አውሮፕላኑን ለአደጋ የሚዳርጉ ሥራዎች ናቸው፤ የበረራ መቆጣጠሪያዎች ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይገኛሉ። ሥራውን የሠራው ሰው የራሱን ሥራ ሊፈትሽ አይችልም። ሌላ ዓይንና ሌላ ፊርማ የግድ ነው። በሃንቲንግተን ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ተከብሯል፤ የሠራው ሌላ፣ የፈረመው ሌላ ነበር። ነገር ግን እርምጃዎቹ ሲዘለሉ ኢንስፔክተሩ አብሮ ፈቅዷልና፣ የመጨረሻውን ፊርማ ያኖረው በገዛ ውሳኔው ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ደንብ ስለ ሰው ልጅ ምን ይላል? ሃያ ዓመት በሃንጋር ያሳለፈ፣ እጁ የተመሰከረለት፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ባለሙያ «ቃልህ ብቻውን አይበቃም» ሲባል ቅር ሊለው ይችላል። ቃል በሚከበርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ደግሞ ቅሬታው ይጠናል። በባልንጀራ ላይ ጥርጣሬን ሕግ አድርጎ ማቆም ከፍቅር ጋር እንዴት ይስማማል?

መልሱ ከአውሮፕላን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ተሰጥቷል። ኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ፣ በአንድ ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ በአንድ ምስክር ብቻ እንዳይጸና፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክሮች እንዲያስፈልጉ ያዛል። ሕጉ አንዱን ምስክር ውሸታም አላለውም። በአገሩ ካለው ሰው ሁሉ የታመነ ቢሆንም እንኳ ሕጉ አይለወጥለትም። የሚናገረው ስለ ምስክሩ ጠባይ ሳይሆን፣ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ምን ያህል ሸክም ሊሰቀል እንደሚችል ነው። ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ ስለ ብድር ውል ሲያዝ ምስክሮች እንዲቆሙ ይጠይቃል። በእኛም ገጠር መሬት ሲከራይ፣ ከብት ሲሸጥ፣ ገንዘብ ሲበደር እማኝ ይቆማል፤ ተሰደብኩ ብሎ የሚቆጣ የለም። ምክንያቱም እማኙ የሚቆመው ሁለቱን ተዋዋዮች ለማዋረድ አይደለም፤ ዛሬ በቦታው ለሌለው ወራሽ ነው። የአውሮፕላኑም ወራሽ በ20ኛው ረድፍ የምትቀመጠው እናት ናት። ኬብሉን ወጥታ ማየት አትችልም። ማንም ስለ ኬብሉ አይነግራትም። ቀበቶዋን ታስራለች፣ ታማትባለች፣ ትሄዳለች።

ነገር ግን ሁለት ሰው መቁጠር ብቻውን ሁለት ምስክር አይሆንም። ይህን ከመጽሐፈ ሶስና በላይ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በንጽሕት ሴት ላይ አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ፤ ጉባኤውም ሁለት ናቸውና ብሎ ሞት ፈረደባት። ዳንኤል ያደረገው ቀላል ነገር ነበር፤ ለያያቸው። ለየብቻ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ሲጠይቃቸው አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ሴቲቱን ያዳናት የመለየቱ ጥበብ ነው። የመካኒኩን ወረቀት አይቶ የሚፈርም ኢንስፔክተር ገና ከሽማግሌው አልተለየም።

የአላስካ አየር መንገድ ታሪክ ይህን የበለጠ ያወሳስበዋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1997 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ አንድ ኤምዲ-83 አውሮፕላን ለከባድ ጥገና ገባ። በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ጅራት ጫፍ ላይ ያለውን አግድም ክንፍ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ረጅም ጠመዝማዛ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በአንድ ትልቅ ዳዶ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ዳዶው ከነሐስ ቅይጥ የተሠራ፣ ከዘንጉ የላላ ብረት ስለሆነ በጊዜ ብዛት የሚበላው የእሱ ጥርስ ነው። ስንት እንደተበላ የሚታወቀው በዘንጉና በዳዶው መካከል ያለው ክፍተት ሲለካ ነው። አንድ መካኒክ ለክቶ 0.040 ኢንች አገኘ፤ አንድ ሚሊሜትር ያህል፣ የተፈቀደው የመጨረሻው ልክ። ዳዶው እንዲቀየር ጻፈ። በኋላ ሌላ ፈረቃ መጥቶ እንደገና ሲለካ 0.033 ሆነ። አምስት ጊዜ ደጋግመን ለካነው፣ ያው ነው ተብሎ ተመዘገበ። ዳዶው ሳይቀየር አውሮፕላኑ ወደ ሥራ ተመለሰ።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የሁለተኛው ምስክር ሕግ በትጋት የተፈጸመበት ይመስላል። አምስት ጊዜ መለካት ከአንድ ጊዜ ይበልጣልና። ይሁንና መርማሪዎቹ በኋላ፣ አየር መንገዱ ለዚህ ልኬት በራሱ የሠራው መያዣ መሣሪያ የአምራቹን መስፈርት እንደማያሟላና የተሳሳተ ልክ ሊሰጥ እንደሚችል አረጋገጡ። በአንድ መሣሪያ አምስት ጊዜ መለካት አንዱን ምስክር አምስት ጊዜ ማስማል ነው። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። የመጀመሪያው ምስክር «አደጋ አለ» ብሎ ሁለተኛው «የለም» ሲል፣ ሁለቱ ቃላት እኩል ክብደት አልነበራቸውም፤ የመጀመሪያው ቢሳሳት የሚከስረው አንድ ዳዶ ነው፣ ሁለተኛው ቢሳሳት የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2000 ያው አውሮፕላን ከሜክሲኮዋ ፖርቶ ቫያርታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲበር ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ወጣ ብሎ ፓሲፊክ ውስጥ ገባ። 88 ሰዎች ሞቱ። ዘንጉ ከባሕር ወለል ሲወጣ የዳዶው ጥርሶች ተልጠው እላዩ ላይ ተጠምጥመው ነበር። ከዳዶው ጋር በሚፋተግበት ክፍል ላይ ግሪስ አልተገኘም። ለዚህ አውሮፕላን ቤተሰብ አምራቹ መጀመሪያ ያዘዘው ዘንጉ በየ600 እስከ 900 የበረራ ሰዓት ግሪስ እንዲቀባ ነበር፤ አየር መንገዱ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በየስምንት ወሩ አደረገው፤ 2,550 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ማንም በአንድ ጀንበር አየር መንገዱ ቀድሞ ይቀባበት ከነበረው 700 ሰዓት ወደ 2,550 አላዘለለውም። ወደ 1,000፣ ከዚያ ወደ 1,200፣ ከዚያ ወደ 1,600፣ ያለ ችግር ባለፈው ጊዜ እየተመኩ ቀስ በቀስ ለጠጡት። እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ትንሽ ነበር፤ እያንዳንዱም ፈራሚ ነበረው። አደጋው ከደረሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በየ650 ሰዓቱ ፍተሻና ግሪስ፣ በየ2,000 ሰዓቱ የክፍተት ልኬት ግዴታ እንዲሆን አዘዘ።

ኢትዮጵያውያን ስለ ጠመዝማዛ ዘንግ የሰሙት በሌላ ቀን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። በአፍንጫው ግራና ቀኝ አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚቀዝፍበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የግራው 74.5 ዲግሪ አለ፤ የቀኙ 15.3። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የሰማው የግራውን ብቻ ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ሽቅብ ሄዷል ብሎ አምኖ፣ የጅራቱን ጠመዝማዛ ዘንግ እያሽከረከረ አውሮፕላኑን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ ዘንጉን የሚያዞረውን የኤሌክትሪክ ኃይል ቆረጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘንጉን በእጅ ማዞር አቃታቸው። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ አካባቢ ወደቀ። ከ30 በላይ አገሮች የመጡ 157 ሰዎች አለቁ። ከአፈሩ ውስጥ የወጣው ዘንግ የቆመበት ቦታ፣ ከአራት ወር ከጥቂት ቀናት በፊት 189 ሰዎች ካለቁበት የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አደጋ ጋር ዝምድና እንዳለው ለመርማሪዎች ጠቆመ።

ይህን በዘዳግም ሕግ ፊት ማቅረብ ያስፈልጋል። በአንድ ምስክር ቃል ብቻ የሚፈርድ መሣሪያ ተሠራ። ሁለተኛው ምስክር አልጠፋም፤ በአፍንጫው በሌላው ወገን ቆሞ እውነቱን ይናገር ነበር። የሚሰማው እንዲኖር ማንም አላዘዘም።

የቦሌ ሃንጋር ባለሙያዎች ምንም ያህል ቢተጉ ይህን ሊያገኙት አይችሉም ነበር። ፍተሻ የሚያየው የተበላሸውን ነው፤ ኤምካስ ግን በተሠራበት መንገድ እየሠራ ነበር። ጥፋቱ ያለው ወደ ኋላ፣ ንድፉ በጸደቀበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን የምስክርነቱ ሕግ ላልቶ ነበር፦ ለአውሮፕላኑ ፈቃድ ከሚያስፈልገው የማረጋገጥ ሥራ ብዙው በመንግሥት ስም የተሠራው በቦይንግ ተቀጣሪዎች ነው። የሃንቲንግተን ኢንስፔክተር ታሪክ በሚያስደነግጥ ስፋት ተደገመ።

ከላየን ኤር አደጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የራሱን የስጋት ትንተና ሠርቶ ነበር። ሶፍትዌሩ ሳይታረም ከቀረ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ዘመን 15 ያህል ተመሳሳይ ከባድ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመተ። ማክስ ግን መብረሩን ቀጠለ፤ እርማቱ እስኪደርስ ድረስ ለአብራሪዎች የተሰጠው ማሳሰቢያ ይበቃል ተብሎ ታመነ። ቦሌ ላይ ተሳፋሪዎቹ ደረጃ ሲወጡ ያ ወረቀት ሦስት ወር አልፎት ነበር።

«ይበቃል ተብሎ ታመነ» የሚለው ነገር እንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊሊያም ኪንግደን ክሊፈርድን ሳያስታውስ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የመርከብ ባለቤት ያቀርባል። መርከቡ አርጅታለች፣ ባለቤቱም ይጠረጥራል፤ ማስመርመሩ ግን ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ስንት ማዕበል እንዳለፈች እያሰበ፣ ስደተኞቹን ፈጣሪ እንደሚጠብቃቸው እየተማመነ፣ ጥርጣሬውን አስተኝቶ በቅን ልብ ይሸኛታል። መርከቧ ከነሰዎቿ ትሰምጣለች። ክሊፈርድ ይህን ሰው ጥፋተኛ ይለዋል፤ ይህ አያከራክርም። የሚያስደነግጠው ተከታዩ ነው። መርከቧ በሰላም ብትደርስስ? ጥፋቱ በቅንጣት አይቀንስም ይላል፤ ምክንያቱም በቂ ምርመራ ሳያደርግ የማመን መብት አልነበረውም። በዚህ ዓይን ሲታይ የሃንቲንግተኗ አውሮፕላን በሰላም ያረፈችባቸው ዘጠኝ በረራዎች ንጹሕ አይደሉም። በደሉ የተፈጸመው በፊርማው ሰዓት ነው።

አሜሪካዊው ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ለክሊፈርድ መልስ ሰጥቷል። ማስረጃ እስኪሟላ መጠበቅ የማይቻልባቸው ነገሮች አሉ፤ ፍቅር፣ ወዳጅነት፣ ሃይማኖት አስቀድሞ መታመንን ይጠይቃሉ ይላል። ልክ ነው። ማስረጃ ካልተሟላ አላገባም የሚል ሰው ሳያገባ ይሞታል። ግን ጄምስ የሚከራከርለት ሰው የሚያስይዘው የራሱን ሕይወት ነው። ሃንጋር ውስጥ የሚፈርመው ሰው የሚያስይዘው የሌላውን ነው። በራስ ነፍስ ላይ መታመን ድፍረት ሊሆን ይችላል፤ በሌላው ነፍስ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ስም አለው። በዚህ ነጥብ ላይ ክሊፈርድ ይበልጣል።

የእምነት ሰዎች ይህን ሲሰሙ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። የሰው ዕድሜ በፈጣሪ እጅ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ፍተሻ ምን ያህል ይለውጣል? መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17ቱ ኢትዮጵያውያን ባዶ ሣጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው ሲሸኙ፣ ብዙ ሐዘንተኛ ያጽናናው «ፈቃዱ ነው» የሚለው ቃል ነበር። ያን ማጽናኛ ከማንም አፍ መንጠቅ ጭካኔ ነው። ሆኖም ያ ቃል የተሰጠው ለሐዘን ቤት ነው። ከድንኳኑ ወጥቶ ጉባኤ ፊት ቀርቦ የመርማሪ ድምዳሜ ሲሆን፣ ሰው የሠራውን በደል በእግዚአብሔር ላይ የሚያላክክ ይሆናል።

መጻሕፍቱ ራሳቸው እንዲህ አይሉም። ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። የሚወድቀው ማን እንደሆነ ሕጉ አይናገርም። እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ ያልተወለደ ሕፃን ሊሆን ይችላል። ለማያውቁት ሰው አስቀድሞ መከታ ማበጀት የአምልኮ አካል ሆነ። በወንጌልም ፈታኙ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ መላእክት ይደግፉሃልና ተወርወር ባለው ጊዜ፣ ያ ዓይነቱ መታመን እግዚአብሔርን መፈታተን ተብሎ ተገሠጸ። በሐዲስ ደግሞ፣ ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይችል እንደሆነ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ ተነግሮታል። ዳዶውን መለካት ከጸሎት ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ ሃንጋር ውስጥ ላለ ሰው የጸሎቱ ግማሽ ነው ቢባልም ያንሳል።

ፍተሻ ከሥርዓተ አምልኮ ጋር የሚጋራው አንድ ድካምም አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በኦሃዮዋ ዴይተን የቦይንግ ሞዴል 299 የተባለው አዲስ ቦምብ ጣይ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። ምክንያቱ አውሮፕላኑ በቆመበት ነፋስ እንዳይነቀንቃቸው መቆጣጠሪያዎቹን የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ መቅረቱ ነበር። አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት ነጥብ በነጥብ የሚያልፉበት ቼክሊስት ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ 79 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ ሜይ 31 ቀን 2014፣ በማሳቹሴትስ ቤድፎርድ አንድ ጋልፍስትሪም ጄት መቆለፊያው ሳይፈታ ለመነሣት ሮጦ ከመንደርደሪያው አልፎ ተቃጠለ። ሰባት ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች የተቀዳውን መረጃ ሲያገላብጡ፣ ሁለቱ ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ቀድሞ ካደረጓቸው 175 በረራዎች መሪውን እስከ ዳር አንቀሳቅሰው በሙሉ የፈተሹት በሁለቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከንፈሩ እየቀረበ ልቡ የራቀውን ሕዝብ ነቢዩ ኢሳይያስ የወቀሰው ስለ አምልኮ ነበር፤ ኮክፒት ውስጥም ያው ሕመም ይኖራል።

ማክስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ሴንሰር እንዲያዳምጥ ተደረገ። ልዩነታቸው 5.5 ዲግሪ ከደረሰ ኤምካስ ዝም ይላል። እያንዳንዱ ቆሞ የነበረ አውሮፕላን መንገደኛ ከመጫኑ በፊት የሴንሰር ፍተሻና ያለ መንገደኛ የሚደረግ የሙከራ በረራ ማለፍ ግዴታው ሆነ። ሁለተኛው ምስክር በመጨረሻ ጉባኤ ገባ፤ ለ346 ነፍስ ዘግይቶ።

ከሁሉም በላይ ግን ጥበቃ የሚያስፈልገው «ገና ነው» የሚለው ሰው ነው። የአላስካው አውሮፕላን ከወደቀ ሁለት ወር አለፍ ብሎ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 2000፣ በአሜሪካ የጸደቀው ሕግ የደህንነት ጉድለት የሚያጋልጡ የአየር መንገድ ሠራተኞች ከሥራ እንዳይባረሩና እንዳይበቀሉባቸው ከለላ ሰጥቷል። ሕግ መባረርን ሊከለክል ይችላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ አውሮፕላኑ ንጋት ላይ ሊወጣ ቀጠሮ ተይዞለት፣ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ቆሞ ሳለ፣ ብዕሩን መልሶ ኪሱ የሚያስገባውን ሰው ግን ሕጉ ብቻውን አያጸናውም።

እዚህ ላይ የሃይማኖት አባቶች ሥራ አለባቸው። ምእመናን ለንስሐ አባታቸው ሐሜትን፣ ዝሙትን፣ ስርቆትን ይናገራሉ፤ ያላዩትን አየሁ ብሎ መፈረም ግን ከኃጢአት ተራ ሲጠራ ብዙም አይሰማም። ኢማሞችም በጁምዓ ኹጥባቸው ስለ አማና ሲያስተምሩ ገበያውንና ሚዛኑን ያነሣሉ፤ የሥራ ካርዱንና ማኅተሙን እምብዛም። አንድ የንስሐ አባት በአየር መንገድ፣ በግንባታ ወይም በሆስፒታል ለሚሠራ ልጁ፣ በዚህ ሳምንት ሳታይ የፈረምከው ነገር አለ ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ የሚሰማው ኑዛዜ ከጠበቀው ሊለይ ይችላል። ለኃላፊው የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ ይከብዳል፦ ሳያይ እንዲፈርም ያጣደፍከው ሰው ማን ነው? አሁን የት ነው ያለው?